ሰባት ቤት የሚቆጠርለት ውሻ

«ማዶ ሰፈር ያለችው ልብስ ሰፊ፣ በሽታዋ ሊጥላት ሲል ውሻዋ ቀድሞ ያውቃል አሉ።»

እናቴ ይህን ወሬ መጀመሪያ ያመጣችው ከዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ነው። ያን ቀን ውሻው የሚያውቀው አምስት ደቂቃ ቀድሞ ነበር፤ ቀሚሷን በጥርሱ ይዞ ይጎትትና ያስቀምጣታል። በሳምንቱ አሥር ደቂቃ ሆነ። በወሩ ግማሽ ሰዓት ገባ፤ ልብስ ሰፊዋ አስተማሪ ሆነች፣ ውሻውም ትራስ ማቀበል ጀመረ።

«ትንሽ ከቆየ እኮ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያስይዝላታል» አልኳት።

«ሳቂ። ወሬ ከሜዳ አይነሳም» አለችኝ። በማግስቱም ደገመችው።

ለምን እንደምትደጋግመው ሦስታችንም እናውቃለን። አባቴን የሚጥል በሽታ ከያዘው ስምንት ዓመት ሆነው፤ ዘንድሮ ደግሞ ባሰበት። አባቴ መጽሐፍ ጠራዥ ነው። ከላይ ሁለት ክፍል አለን፤ ከታች የሥራ ክፍሉ። እዚያ ታች መጽሐፍ የሚጫንበት፣ ሁለት ሰው የማያነሳው የብረት መጫኛ፣ ክንዴን የሚያህል ምላጭ ያለው የወረቀት መቁረጫ፣ ሲፈላ የሚውል ኮላ አለ። ሰው ሊወድቅባቸው ከማይገባ ነገሮች ሁሉ አንዳንድ አለን ማለት ነው። ሐኪሙ ኪኒኑን እንዳያቋርጥ፣ እንቅልፍ እንዳያጣ፣ ብቻውን እንዳይሆን አዟል። «ሥራውን ተው» ስንለው «ቁጭ ብዬ ከምወድቅ ቆሜ ብወድቅ ይሻለኛል» ይላል። ስለዚህ አንድ ሰው ዓይኑን ሳይነቅል አጠገቡ መቀመጥ አለበት። ያ ሰው እኔ ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል ያስወጣኝ ያ ወንበር ነው።

ቀሪውን ትምህርቴን የተማርኩትም እዚያው ወንበር ላይ ነው። ኮላው እስኪደርቅ አነባለሁ። ችግሩ፣ የማውቀው ሰው ያስጠረዘውን ብቻ ነው። ስለ ንብ እርባታ፣ ስለ ድልድይ ሥራ፣ ስለ ባሕር ሕግ ጠይቁኝ። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ መርከብ ሲሰጥም ማን ማንን እንደሚከስ ግን ከጠበቃ እኩል እሟገታለሁ። ሰፈሩ «ፕሮፌሰሯ» ይለኛል። ስድብ መሆኑ አይጠፋኝም፤ ሲጠሩኝ ግን አቤት እላለሁ።

አንድ ጡረታ የወጣ የእንስሳት ሐኪም ጀርባው የተገነጠለ የውሻ መጽሐፍ ይዞ የመጣው በዚህ መሀል ነው። «አልቸኩልም» ብሎ ሄደ። አባቴ ገጾቹን ሲቆጥር ከመሀል ስምንት ወረቀት ጎደለ። በእኛ ቤት ደንብ አለ፤ የጠፋ ወረቀት ቦታው አይዘጋም። በልኩ ነጭ ወረቀት ተቆርጦ እዚያው ይሰፋል፤ ባለቤቱ አንድ ቀን ሙሉ ቅጂ ቢያገኝ ገልብጦ ይሞላዋል። «መጽሐፍ ጉድለቱን መደበቅ የለበትም» ይላል አባቴ። ስምንት ነጭ ወረቀት ሰፋንበት።

በሁለት ቀን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ገጽ መቶ አራት ላይ ምን ቢል ጥሩ ነው? አንዳንድ ውሻ የሚጥል በሽታ ሲመጣ አስቀድሞ ያውቃል ይላል። ከእናቴ አፍ ስሰማው ወሬ የነበረው፣ ታትሞ ሳየው እውነት ሆነ። አፍሬም «ልክ ነበርሽ» አላልኳት፤ ራሴ ያገኘሁት አስመስዬ እራት ላይ አቀረብኩት።

«ይኸው! እኔ ስናገር የውሻ ጩኸት፣ አንቺ ስትናገሪ ቁም ነገር» አለች እናቴ። ግን ደስ አላት። «የዳቦ ቤቱ ዘበኛ ውሻ ወልዳለች። አንዱን በነጻ ይሰጠናል።»

«እማዬ፣ የዚያን ቡችላ አባት እናቱም አታውቀው።»

«አንቺ ደግሞ! ውሻ ልንድር ነው እንዴ?»

«ሰባት ቤት የሚቆጠርለት ነው የምፈልገው። ወረቀት ያለው። ደግሞ ትልቅ፤ አባዬ ሲወድቅ ከሥሩ ገብቶ የሚደግፈው።»

«እኛ ራሳችን ሦስት ቤት ቆጥረን አናውቅም። ውሻው መጥቶ ሊንቀን ነው በይኛ።»

አባቴ እራቱን አስቀምጦ እንደ ልማዱ ጠየቀ፤ «መጽሐፉ ምን ይላል?»

«ትልቅ፣ ዘሩ የታወቀ፣ ጠባዩ የተመሰከረለት ይላል።»

ፍርፋሪውን በጣቱ ከጠረጴዛው ላይ ለቃቀመ። «አንቺ ካልሽ ይሁን» አለ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ! ደብተር ከፍቼ አርባ ሦስት ጥያቄ ጻፍኩ። የት ይተኛል? ደረጃ ይወጣል ወይ? ኮላ ቢልስ ምን ይሆናል? ፀጉሩ ሥራችን ላይ ቢጣበቅስ? ለሁሉም መልስ ከነገጹ አገኘሁለት። ለአባቴ ብዬ ነው፤ ለራሴም ነበር። ያ ውሻ ሲመጣ ከወንበሩ ተነሥቼ ጠዋት ጠዋት የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ እገባለሁ፤ እንደ ሰው አስተማሪ ፊት ቁጭ ብዬ እፈተናለሁ ብዬ አስቤአለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ውሻ አርቢዋ የምትኖረው ከተማው ሲያልቅ፣ ከሽቦ አጥር ጀርባ ነው። ስድሳ ያለፋት፣ የጎማ ቦት ጫማ ያደረገች፣ እጇ በውሃ ብዛት የተሰነጣጠቀ ሴት ናት። ቁጭ በይ እንኳ ሳትለኝ ጀመረች።

«ግቢ አላችሁ?»

«የለንም።»

«ስንት ክፍል ነው?»

«ሦስት። አንዱ የሥራ ነው።»

«በይ ሂጂና ድመት ፈልጊ።»

ደብተሬን ገለጥኩ። «ትልቅ ውሻ የሚያስፈልገው ሰፊ ቤት ሳይሆን በቀን ሁለት ጊዜ አርባ አርባ ደቂቃ መንሸራሸር ነው። ገጽ ስልሳ አንድ።»

«ገጽ ስልሳ አንድ!» ባልዲዋን አስቀምጣ ሳቀች። «ልጄ፣ ውሻ የሚሄደው በአራት እግሩ ነው፤ በገጽ አይደለም።»

«እርስዎ ማንበብ ይችላሉ ለመሆኑ?»

ማለት አልነበረብኝም። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። «ጥራዝ ነጠቅ» አለችኝ።

«እውነትዎን ነው። የጠራዥ ልጅ ነኝ፤ ከጥራዝ ያልነጠቅኩ ከማን ልንጠቅ?»

ሳቋን ልትውጠው ሞከረች፤ አልቻለችም። የውሻው በር የተከፈተልን በዚያች ሳቅ ነው። ወደ ቤት አስገባችኝና ከመደርደሪያ ሥር አንድ ካርቶን ጎትታ አወጣች። የሠላሳ ዓመት የውሻ ልደት መዝገብ፤ ማን ከማን እንደተወለደ፣ ስንት እንደሞተ፣ ማን እንደወሰደው። ግማሹ ላልቷል፣ ግማሹን አይጥ በልቶታል። ለእንዲህ ያለ ውሻ የሚሆን ገንዘብ በቤታችን ታይቶ አያውቅም፤ መዝገቡን ሳይ ግን ዋጋው ምን እንደሆነ ገባኝ።

«ይህን በጠንካራ ሽፋን በሦስት ጥራዝ አድርገን እንሠራልዎታለን» አልኳት። «አይጥ ጥርሱን እስኪሰብር።»

አሰብ አደረገችና «ቡችላ አልሰጥሽም» አለች። «ቡችላ እስኪያድግ አባትሽ ስንቴ ይወድቃል? ሦስት ዓመት የሞላው አለ። ጌታው አገር ለቆ መልሶልኝ ነው።»

መጀመሪያ ያየሁት ወረቀቱን ነው። ማኅተሙን፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም፣ የቅድመ አያቱን ሽልማት። ከዚያ ቀና ስል ውሻው ፊቴ ቆሟል። ጥቁርና ቡናማ፣ ጀርባው ወገቤ ላይ የሚደርስ፣ ቀጥ ያለ፣ ዝም ያለ። እንደ ዳኛ ያየኛል።

«አባትሽን ነገ አምጪው» አለች ሴትዮዋ። «ሳይተያዩ አልሰጥም።»

አባቴን አውቶቡስ ላይ አሰብኩት። ያን ዓመት አውቶቡስ ላይ ጥሎት ያውቃል። ሱሪው ርሶ፣ አረፋ ደፍቆ መሬት ላይ ሲንፈራገጥ ሰው ዙሪያውን ከቦ በስልክ ሲቀርጸው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ቆሞ እንዲያየው አልፈቅድም ብዬ ለራሴ ምያለሁ።

«መንገድ አይችልም» አልኩ።

«እንግዲያው እኔ ልምጣ።»

«እንግዳ አይወድም።»

«ውሻውን ግን ይፈልገዋል?»

«የመጣሁት እሱ እሺ ብሎኝ ነው።»

ይህ ውሸት አልነበረም።

«የሁለት ሳምንት ሙከራ ነው» አለች ማሰሪያውን ስታቀብለኝ። «ካልተስማሙ በማግስቱ መልሺው። ግራ ሲገባሽ ደውዪ። ኩራት ለውሻ አይበጅም።» ለውሻ ያለችው ለእኔ እንደሆነ ገብቶኛል። ሳልደውልላት እንደማሳያት ያን ጊዜ ወሰንኩ።

ቤት ስደርስ እናቴ ከበሩ ዘወር አለች። «ይሄ ውሻ ነው ጥጃ?»

አባቴ ከላይ በደረጃው እየወረደ ነበር፤ በእጁ የሻይ ብርጭቆ ይዟል። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆመ።

«ትልቅ ነው» አለ።

«መጽሐፉ እንዳለው ነው።»

«አዎ። መጽሐፉ እንዳለው።» ሻዩን እዚያው ደረጃ ላይ ቆሞ ጨረሰ። እያደነቀው መሰለኝ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የመጽሐፉ ማውጫ ላይ «ውሻንና ታማሚን ማላማድ» የሚል ምዕራፍ አለ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገኝ እሱ ነው። ሄጄ ስገልጠው ስምንት ነጭ ወረቀት ሆኖ አገኘሁት። አርቢዋን በስልክ መጠየቅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። መርፌ ብውጥ ይቀለኛል። የእንስሳት ሐኪሙንም መጠየቅ ይቻል ነበር፤ እሱንም አልጠየቅኩም። ከፊቱ ያለውንና ከኋላው ያለውን ምዕራፍ ደጋግሜ አነበብኩና በመሀሉ ምን ሊል እንደሚችል በራሴ ደረስኩበት። ከዚያ ብዕር አነሣሁና ነጩ ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመርኩ። መጀመሪያ ለማስታወሻ ብዬ ነበር። ጽሑፌ ግን ያምራል፤ እንደ ማተሚያ ነው የሚወርደው። ውሻው ከታማሚው አልጋ ግርጌ ይተኛ። ታማሚው በገዛ እጁ ያብላው። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ በየቀኑ አንድ ሰዓት በር ተዘግቶ ሁለቱ ብቻቸውን ይሁኑ፤ ሽታውን ከሌላ ሰው ሳይቀላቅል ይለይ ዘንድ። ውሻው ቢጮህ በሩ አይከፈት፤ አንዴ ከተከፈተለት ማዘዝ ይለምዳል። «ይለይ ዘንድ» ብዬ ስጽፍ እኔው ራሴ አመንኩት።

«ከአልጋዬ ሥር?» አለ አባቴ የመጀመሪያውን ስነግረው። «ይሄ መጽሐፉ ላይ አለ?»

«አለ።»

ዓይኔን አላርገበገብኩም። ነበርም፤ መጽሐፉ ላይ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ዓይኑ ደም መስሎ ነበር። «ተኛህ?» አልኩት። «ተኝቻለሁ» አለ። እናቴ ከጀርባው ራሷን ነቀነቀች። «ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ ብሎ ነው ያነጋው።» «ውሻው ያንኮራፋል» አለ አባቴ፤ ፈገግ ለማለትም ሞከረ። በሁለተኛው ቀን ሥጋውን በመዳፉ ይዞ ሲያበላው ሁለት ጊዜ ከእጁ ወደቀ። ከኪኒኑ ነው አልኩ። እጁን ሦስት ጊዜ ታጠበ። ከሰዓት በኋላ ሳያይ መርፌ የሚያስገባው ሰው ክሩን ከቀዳዳው ማገናኘት አቅቶት መርፌውን ለእኔ ሰጠኝ። ውሻው ገና ከተኛበት ቀና ሲል አባቴ ከመጫኛው ጀርባ ይሆናል። እኔ ይህን ሁሉ በደብተሬ እመዘግባለሁ፤ «መላመድ፣ ሁለተኛ ቀን» ብዬ።

«ይህ ሰው እንቅልፍ አጥቷል» አለች እናቴ። «ሐኪሙ ምን ነበር ያለው?»

«አንድ ሁለት ቀን ነው እማዬ። መላመድ ጊዜ ይፈልጋል።»

«እሱም መጽሐፉ ላይ አለ?»

«አለ።»

በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ጊዜው ደረሰ። አባቴ የአርቢዋን መዝገብ የመጀመሪያ ጥራዝ እየሰፋ ነበር።

«ዛሬ ነው?» አለኝ።

«አንድ ሰዓት ብቻ።»

«በሩ ይዘጋል?»

«ይዘጋል። እኔ ግን እዚሁ ከበሩ ውጪ ነኝ አባዬ። የትም አልሄድም።»

ያልተጠነቀቅኩለት ነገር አልነበረም። የመቁረጫውን ምላጭ በጣውላ ሸፈንኩ። ኮላውን ከእሳት አውርጄ ወደ ላይ ወሰድኩ። የመጫኛውን ማዕዘን በጨርቅ ጠቀለልኩ። አባቴ እጁን በሽርጡ ጠረገና «እንግዲህ…» ብሎ ገባ። ውሻውን አስከትዬ በሩን ዘጋሁት። አሁን ሳስበው መርፌ ሊወጋ እንደሚገባ ልጅ ነበር የገባው፤ ያን ጊዜ ግን ሥራው ላይ የሚቀመጥ ባለሙያ ነው የታየኝ።

እኔ በሩን ተደግፌ ቆምኩ። እናቴ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። ሃያ ደቂቃ ኮሽታ የለም። «አየሽ?» አልኳት በሹክሹክታ።

ከዚያ ውሻው ጮኸ። በሦስት ቀን ውስጥ አንዴም ጮኾ አያውቅም ነበር። አንዴ ጮኸ፤ ዝም አለ፤ ከዚያ ያለማቋረጥ ጀመረ።

እናቴ ሽንኩርቱን ጥላ ተነሣች። «ክፈቺ።»

«እማዬ ተቀመጪ።»

«ክፈቺ እልሻለሁ!»

«አሁን ብንከፍት ሦስቱን ቀን ገደል ከተትነው ማለት ነው። ሲጮህ አይከፈትም።»

«ማን ነው ያለው?»

«መጽሐፉ።»

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። የታተመ ነገር ሲወድቅ አንሥታ የምትስም ሴት ናት። ወደ በሩ የዘረጋችው እጅ አየር ላይ ቀረ። ውሻው በሩን መቧጠጥ ጀመረ፤ ጥፍሩ በእንጨቱ አልፎ ጀርባዬን የሚነካኝ ይመስለኝ ነበር። ሰዓቴን አየሁ። «ጩኸቱ የቆየበት ጊዜ ይመዝገብ» ብዬ ራሴ ጽፌ ነበርና መዘገብኩት። አሥራ አንድ ደቂቃ። ከዚያ ጸጥ አለ።

«ተላመዱ» አልኩ።

ሰዓቱ እስኪሞላም ጠበቅኩ።

አባቴ በግድግዳውና በመጫኛው መካከል፣ ከበሩ በጣም የራቀው ጥግ ውስጥ ነበር። በግንባሩ ተደፍቷል። ውሻው ደረቱን ከአባቴ ትከሻ ሥር አስገብቶ ተኝቷል፤ ሊያዞረው ሲታገል ቆይቶ የደከመው ይመስላል። ስንገባ ጭራውን እንኳ አልነቀነቀም። አባቴ አልቆሰለም፤ የጠቀለልኩት ጨርቅ ላይ እንኳ ራሱን አልመታም። ሐኪሙ «ነፍሱ እስክትወጣ ጊዜ ወስዶበታል» አለ። «ወዲያው በጎኑ የሚያስተኛው ሰው ቢኖር…» ብሎ ፊቴን አየና ሌላ ወረቀት መፈለግ ጀመረ።

ውሻውን በአራተኛው ቀን መለስኩት። አርቢዋ ከውሻውና ከማሰሪያው ሌላ ምንም አልተቀበለችኝም።

«ጮኾ ነበር?» አለችኝ።

«ጮኾ ነበር።»

ሌላ አልጠየቀችም። እንድትሰድበኝ ጠብቄ ነበር። ያን ቀን ጥራዝ ነጠቅ ብትለኝ እግሯን እስም ነበር። እሷ ግን የውሻውን ራስ እያሻሸች በሩን ከፈተችልኝና «ለመዝገቡ አትቸኩሉ» አለች፤ ለመዝገቡ የሚቸኩል ሰው በቤታችን የቀረ ይመስል።

ከመጽሐፉ ውስጥ ስምንቱን ወረቀት በምላጭ ከሥሩ ቆረጥኩና ሌላ ስምንት ነጭ ወረቀት ሰፋሁበት። በሕይወቴ ብቻዬን የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ ሲወስደው ጀርባውን በአውራ ጣቱ ጨፈለቀና «የአባትሽ እጅ እኮ አይታማም» አለ። የቆረጥኳቸውን ወረቀቶች አላቃጠልኳቸውም፤ ፍራሼ ሥር ናቸው። ጽሑፉ አሁንም ያምራል።

እናቴ አልጮኸችብኝም። ወሬም አታወራም፤ ዳቦ ቤት ሄዳ በዝምታ ትመለሳለች። እኔን ስታናግረኝ እንደ እንግዳ፣ ለስላሳ አድርጋ ነው። በላሽ ወይ ትለኛለች፤ ሌላ ነገር አትለኝም።

በስድስተኛው ቀን የአባቴ ታላቅ ወንድም ከሩቅ አገር ደረሱ። ከአባቴ በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጣሉ፤ መንገዱ አድክሟቸው ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። የሥራ ክፍሉን ማየት እፈልጋለሁ ብለው ወረዱ። መጫኛውን በእጃቸው ዳሰሱ። ከዚያ በሩ ላይ፣ ከታች በኩል፣ ቀለሙ ተፍቆ እንጨቱ የወጣበትን ቦታ አዩ።

«ይሄ ደግሞ ምን ነካው?»

«የውሻ ጥፍር ነው ጋሼ» አለች እናቴ።

«የምን ውሻ?»

«እንዲጠብቀው ተብሎ ያመጣነው። ትልቅ ውሻ ነበር፤ ከእሱ ጋር ነበር የሚያድረው።»

አጎቴ ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ። ፊታችንን ሲያዩ ተውት። «ከማን ጋር? ከእሱ ጋር? እሱ እሺ ብሎ?»

«እሺ ብሎ» አልኩ እኔ።

ወንበሬን ስበው ተቀመጡ። «ጭኑ ላይ ያለውን ጠባሳ አይተሽው ታውቂያለሽ?» አሏት እናቴን።

«አዎ። ልጅ ሆኖ ኮላ ፈሶበት ነው ብሎኛል።»

«ኮላ አይደለም። በሰባት ዓመቱ ከጎረቤት ውሻ አፍ ያላቀቅኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ውሻ ያለበት ቤት ገብቶ አያውቅም።»

«ተጣልታችሁ መስሎን ነበር እኮ» አለች እናቴ ቀስ ብላ። «ዘጠኝ ዓመት ቤትዎ አልመጣም ነበር።»

«አልተጣላንም» አሉ አጎቴ። «ውሻ ነበረኝ። እስኪሞት ነው የጠበቀው።»